መስኮቱ ወይስ ክፍሉ?
ቤት ስንገዛ እይታን፣ ስፋትንና የክፍሎችን አከፋፈል እንዴት እንመዝን

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ከሻይ በኋላ ደጋግሞ የሚነሣ ነው። «ያጠራቀምኳት ገንዘብ ደርሳለች፤ አገር ቤት አንድ ቤት ልገዛ ነው። ሁለት ቤት አሳይተውኛል። አንዱ ሰፋ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ መስኮቱ ሲከፈት ልብ ይማርካል። የትኛውን ልውሰድ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ለጠያቂዋ ግን የዓመታት ጉልበቷ የሚታሰርበት ውሳኔ ነው። ከዚያም በላይ፣ ከእኛ ብዙዎቹ ቤቱን በዓይናቸው ሳያዩ፣ በስልክ በተላከ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ብቻ ይገዛሉ። ፎቶግራፍ ደግሞ እይታን አጉልቶ ያሳያል፤ የክፍልን ጥበት ግን ይደብቃል። ስለዚህ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል እንደሚባለው፣ ከመክፈል በፊት ቁጭ ብሎ መመዘን ያስፈልጋል።

አንዲት እኅታችን የገጠማት

እዚሁ ተላዕ አል-ዓሊ ውስጥ በአንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራች እኅት አለችን። ስሟ ይቆይ። የምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሳሎኑ አንድ ገጽ ሙሉ መስታወት ነው፤ ማታ ማታ የአማን ኮረብታዎች መብራት እንደ ከዋክብት ፈሶ ይታያል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደንቀው ያንን መስታወት ነው። የእርሷ ክፍል ግን ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷም ከፍ ብላ በሕንፃው የአየር ማስገቢያ በኩል የተከፈተች፣ ከግድግዳ በቀር ምንም የማታሳይ ናት።

ባለፈው ዓመት ወንድሟ አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ ሁለት የኮንዶሚኒየም ቤቶች አገኘላት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ሲሆን፣ ውስጡ ሲለካ 44 ካሬ ሜትር ነው፤ ወለሉ አዲስ ነው፤ ከመስኮቱ በምሥራቅ በኩል የይረር ተራራ ይታያል። ሁለተኛው አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ፣ 56 ካሬ ሜትር ነው፤ መስኮቶቹ ግን ግቢውን አሻግረው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ያያሉ። ወንድሟ፣ «እትዬ፣ የላይኛው አያምልጥሽ፤ ጠዋት ስትነሺ ይረር ከፊትሽ ነው» አላት። እርሷም ቪዲዮውን አይታ አለቀሰች። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ያየች ሰው ተራራ ብትመኝ ማን ይፈርድባታል?

በቤቱ ግን ቀድመው የሚገቡት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቷና ትምህርት ቤት የምትሄደው የወንድሟ ልጅ ናቸው። እርሷ የምትመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን ምሳሌ ይዘን ነገሩን አንድ በአንድ እንመልከት።

ቤትን የሚያውቀው የሚያጸዳው ነው

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። እናንተ ስለ ቤት አዋቂዎች ናችሁ። ባለቤቱ ሳሎን ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ፣ የትኛው ኮሪደር ከንቱ እንደሆነ፣ የትኛው በር ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ፣ ወጥ ቤቱ ጭስ እንደሚይዝ፣ ማጠቢያው ከምድጃው እንደሚርቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ትልቁን መስታወት የምታጥቡት፣ በጸደይ ወራት የበረሃው ነፋስ አቧራ ሲያመጣ አባጁሩን ዘንግ በዘንግ የምትወለውሉት እናንተ ናችሁ። በክረምት ሰፊው መስታወት ሙቀት እያስወጣ ሶባው ቀኑን ሙሉ ሲነድ ታያላችሁ። ከጣሪያው ሥር ያለው ሩፍ የሚሉት ቤትም በበጋ እንደሚግል፣ በክረምት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ።

ይህ እውቀት በነጻ የመጣ አይደለም። የራሳችሁን ቤት ስትገዙ ተጠቀሙበት። ቪዲዮው ሲመጣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደሚያጸዳው፣ እንደሚያበስለውና እንደሚያስተኛው ሰው ተመልከቱት።

ስፋት ሁሉ ስፋት አይደለም

«56 ካሬ» ሲባል ወዲያው ከ44 ይበልጣል ብለን እንደመድማለን። በቁጥር ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት።

የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ ምን ምን ይጨምራል? የሚለው ነው። በተለይ ከግል አልሚዎች የሚገዛ አፓርታማ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው «ግሮስ» በሚባለው ስፋት ነው። ይህም የግድግዳውን ውፍረት፣ የደረጃውን፣ የሊፍቱንና የመተላለፊያውን ድርሻ ጭምር የያዘ ነው። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ የምትረግጡት «ኔት» የሚባለው ስፋት ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ልክ፣ ማለትም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሜትር ተለክተው ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ከስፋቱ ምን ያህሉ ለኑሮ ይውላል? የሚለው ነው። የእኅታችንን ቤቶች እንውሰድ። ባለ 56 ካሬው ከመግቢያው እስከ መኝታ ቤቶቹ የሚደርስ 7 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ወርድ ያለው ኮሪደር አለው። 7 በ1.2 ሲባዛ 8.4 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ሰው ከማለፍ በቀር ምንም የማይሠራበት ቦታ ነው። ሲቀነስ 47.6 ይቀራል። ባለ 44 ካሬው ኮሪደር የለውም፤ ነገር ግን የመኝታ ቤቱም፣ የወጥ ቤቱም፣ የመታጠቢያውም በር ሳሎኑ ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ሳሎኑን የሚያቋርጥ 4 ሜትር በ1 ሜትር ያህል መንገድ ነጻ መተው አለበት፤ ሶፋ አይቀመጥበትም። 4 ሲቀነስ 40 ይቀራል።

እንግዲህ የ12 ካሬው ልዩነት ወደ 7.6 ወረደ። ሰፊው ቤት ከስሙ ያነሰ ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ 7.6 ካሬ ሜትር ትንሽ አይደለም፤ 2 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር የሆነች አንዲት መኝታ ቤት ያህላል። የእናት አልጋና ቁም ሳጥን ይገባባታል። ክርክሩ እንግዲህ በ«44» እና በ«56» መካከል ሳይሆን በይረር ተራራና በእናት መኝታ ቤት መካከል ሆነ። ነገሩ በዚህ መልክ ሲቀርብ ለመወሰን ይቀላል።

አከፋፈሉን በምን እንፈትነው?

የክፍሎች አከፋፈል ጥሩ ነው የሚባለው ለእኛ ኑሮ ሲመች ነው። በእኛ ቤት ቡና ይፈላል፣ በርበሬ ይቁላላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ሰርግና ለቅሶ ይመጣል። ስለዚህ የሚከተለውን ጠይቁ።

ወጥ ቤቱ በር አለው? ከውጭ የሚከፈት መስኮትስ? ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ወጥ ቤት በፎቶግራፍ ያምራል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ ግን ሶፋውም፣ መጋረጃውም፣ አልጋውም ወጥ ወጥ ይሸታል።

ምጣዱ የት ይቀመጣል? የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ኃይል ይወስዳል። ይህም 16 አምፔር ገደማ ነውና በቀጭን ገመድ ወይም ለስልክ መሙያ በተሠራ ሶኬት ላይ መሰካት እሳት ያስነሣል። የራሱ መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይታይ። በመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ይሠራ ነበር፤ አሁንም ለዚሁ ሥራ የሚውል መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።

አልጋ ሲገባ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል? 1 ሜትር ከ50 ወርድ ያለው አልጋ ከተዘረጋ በኋላ የሰው መተላለፊያ መቅረት አለበት። የመታጠቢያ ቤቱ በር ምግብ ከሚቀርብበት ፊት ለፊት ይከፈታል? እንግዳ ሳሎን እያለ የታመመ ሰው ሳይታይ ከመኝታ ወደ መታጠቢያ መሄድ ይችላል?

የማይመች አከፋፈል አንዳንዴ ይታረማል። ስስ መከፋፈያ ግድግዳ በፈቃድና በባለሙያ ሊነሣ ይችላል። ሕንፃውን የተሸከሙት ኮለምንና ቢም ግን በፍጹም አይነኩም። «ገብተን እናፈርሰዋለን» ብሎ የሚያባብላችሁን ደላላ ከመስማት በፊት የሚፈርሰው ምን እንደሆነ ባለሙያ ይይ።

እይታም የራሱ ዋጋ አለው

ይህን ሁሉ ስንል እይታ ቅንጦት ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጥናት አለ። በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ግማሾቹ የተኙት መስኮታቸው ዛፎች በሚያሳይ ክፍል፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ በሚያሳይ ክፍል ነው። ዛፍ ያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። እንግዲህ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ማግኘት ለሰውነትም ይጠቅማል ማለት ነው። ግድግዳ ስታዩ የኖራችሁ ይህን ያለ ጥናትም ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሕሙማኑ ያዩት ዛፍ እንጂ ተራራ አልነበረም። በግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ዛፍም ከአንደኛ ፎቅ ትታያለች። ሁለተኛ፣ ብርሃንና እይታ አንድ አይደሉም። ከ8 ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ የሚያይ መስኮት እይታ ባይኖረውም በቂ ብርሃን ሊያስገባ ይችላል፤ ግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ከሆነ ግን ቤቱ ቀን ሙሉ መብራት ይጠይቃል። ያለ እይታ መኖር ይቻላል፤ ያለ ብርሃንና ያለ አየር ግን ቤቱ ይሻግታል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ልጅ ያስላል። ስለዚህ እይታን ለድርድር ብታቀርቡ እንኳ ብርሃንን አታቅርቡ።

እይታው የማን ነው?

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የቤቱ ካርታ ላይ ስፋቱ ይጻፋል፤ እይታው ግን አይጻፍም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ለባለቤቱ የሚሰጠው የራሱን ቤትና በጋራ መጠቀሚያዎች ላይ ያለውን ድርሻ ነው። ከመስኮታችሁ ፊት ያለው ባዶ ቦታ የእናንተ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያ ቦታ ነገ በሊዝ ተሰጥቶ ፎቅ ሊበቅልበት ይችላል። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ስንት ሰፈሯ መልኩን እንደለወጠ ቤተሰቦቻችሁ የሚነግሯችሁ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፦ መኝታ ቤታችሁን ጎረቤት ሊወስድባችሁ አይችልም፤ እይታችሁን ግን ሳያስፈቅዳችሁ ሊጋርድ ይችላል። ለእይታ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከፊት ለፊት ያለው ቦታ ለምን እንደተመደበ ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ይጠየቅ። ወንዝ፣ ገደላማ ቁልቁለት ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ የመቆየት ዕድሉ ይሻላል፤ አጥር የታጠረበት ባዶ ሜዳ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ።

ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ

እይታ አብዛኛውን ጊዜ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ ደግሞ ደረጃ አለው። ብዙዎቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ኖሯቸው ያለ ሊፍት የተሠሩ ናቸው። በአንድ ፎቅ 18 ደረጃ ብንል አራተኛ ፎቅ 72 ደረጃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግፊቱ ሲቀንስ ቀድሞ የሚደርቀው የላይኛው ቧንቧ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ 72 ደረጃ ማን ይሸከመዋል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፣ ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ በቀን ስንት ጊዜ ይወርዱታል? የመጨረሻው ፎቅ ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነም ጣሪያው ላይ የውኃ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ የሚበጀው ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ማየት ነው።

ሊፍት ያለው ሕንፃ ከሆነ ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ጄኔሬተር መኖሩን፣ ወርኃዊ መዋጮውም ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከመመለሳችሁ በፊት ልታከራዩት ካሰባችሁም አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚከራየው «ባለ አንድ መኝታ»፣ «ባለ ሁለት መኝታ» እየተባለ መሆኑን አትርሱ።

ከሩቅ ሆናችሁ ስትገዙ

ቤቱን ለሚያይላችሁ ሰው የሚከተለውን ላኩለት።

1. ሜትር ይዞ ይግባ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ወርድ እየለካ በቪዲዮ ያሳያችሁ። እናንተም በወረቀት ላይ ንድፉን ሣሉ፤ አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ምጣዱን በልካቸው አስቀምጡበት።

2. ቪዲዮው ከመስኮቱ ሳይሆን ከመግቢያው በር ይጀምር፤ ሳይቋረጥ ሁሉንም ክፍል ይዙር።

3. ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሦስት ጊዜ ይሂድ። ቀትር ላይ መብራት ሳያበራ ጋዜጣ ማንበብ ይችል እንደሆነ ይሞክር።

4. ቧንቧውን ይክፈት፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤትን ይጠይቅ።

5. በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ከፊት ያለውን ቦታ፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም ያሳያችሁ።

6. በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች፣ በተለይ እናት፣ ራሳቸው ወጥተው ይዩት።

7. ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ይጣራ። የመንግሥት ዕጣ የወጣበት ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክል ገደብ ተጥሎበት የቆየ ስለሆነ፣ የባንክ ብድሩም ያልተከፈለ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም በሰነድ ይረጋገጡ።

ስለ ውልም ይህን ያህል እንበል። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። በእጅ የተጻፈች ወረቀትና የሁለት ጎረቤት ፊርማ አይበቃም። ውክልና ስትሰጡም «በስሜ እንዲገዛልኝ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ የመሸጥና በዕዳ የማስያዝ ሥልጣን ሳያስፈልግ አትጨምሩ። ወንድም ወንድም ነው፤ ወረቀት ግን ወረቀት ነው።

ታዲያ እኅታችን ምን አደረገች?

ወንድሟን ሜትር አስይዛ መልሳ ላከችው። እናቷም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አዩ፤ በመካከል ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ከላይኛው መስኮት በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይም የአጥር ቆርቆሮና የተቆለለ ድንጋይ ተገኘ። ሠፈርተኛው «ሊሠራበት ነው ይላሉ» አለ፤ ምን ያህል ከፍታ እንደሚኖረው ግን የሚያውቅ አልነበረም። በዚህም ላይ ሁለት ቀን አሰበችና ታችኛውን፣ ባለ ሁለት መኝታውን ገዛች።

ደስ አላት ወይ? ብለን ጠይቀናት ነበር። «እውነቱን ለመናገር የይረሩን ቪዲዮ እስካሁን አላጠፋሁትም» አለች። «ግን እናቴ ከልጅቷ ጋር ሳትጋፋ የራሷ አልጋ ላይ ትተኛለች። ተራራውን ለማየት ስመለስ ደረጃውን ወጥቼ ከላይኛው መተላለፊያ ላይ መቆም እችላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። መኝታ ቤት ግን ከማን እበደራለሁ?» ወንድሟም የነዋሪዎችን ማኅበር አስፈቅዶ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የኮክ ችግኝ ተክሏል።

ይህ ለሁሉም የሚሆን መልስ አይደለም። ብቻዋን የምትኖር፣ ጉልበቷ ጠንካራ የሆነ፣ ያየችውም ቤት ለኑሮዋ የሚበቃትና እይታው የማይጋረድ ከሆነ፣ ሰፊውን ትታ መስኮቱን ብትመርጥ አትሳሳትም፤ ዕድሜ ልኳን የሌላ ሰው መስታወት ስትወለውል የኖረች ሴት የራሷን መስኮት ብትገዛ ይገባታል። ቅደም ተከተሉ ብቻ አይዛነፍ፦ መጀመሪያ የሚኖርበት ሰው ይቆጠር፤ ቀጥሎ ክፍሉ ይለካ፤ ቀጥሎ ብርሃኑና ውኃው ይፈተሽ፤ እይታ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የበቃ ቤት ላይ የተጨመረ እይታ በረከት ነው፤ ባልበቃ ቤት ላይ የተከፈለበት እይታ ግን በየማታው አልጋ ሲዘረጋ ይቆጫል።

ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ እኅቶች ንድፋችሁን ይዛችሁ ዓርብ ኑ፤ አብረን እንለካለን። ቸር ይግጠመን።